ጠግቤያለሁ የሚለው ጎተራ

ክዳኑ ሲከፈት ይሠራል። ክዳኑ ሲገጠም ዝም ይላል።

ሦስት ማታ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይኸው ነው፤ ለፔይንትቦል፣ ለቀለም ኳስ ጨዋታ፣ ኳስ የሚያቀብል ባለ ባትሪ ዕቃ። ጠረጴዛዬ ላይ ሆዱን ከፍቼ ሳበራው ሞተሩ ይዞራል። ጣቴን አንገቱ ውስጥ ሳስገባ ይቆማል። ሳወጣ እንደገና ይዞራል። መሥራት ያለበትም እንዲህ ነው። ሁለቱን ግማሾች ገጥሜ ብሎኖቹን ሳጠብቅ ግን ጸጥ ይላል። ብሎኖቹን ስፈታ ተመልሶ ነፍስ ይዘራል።

ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው ከሞተ ዕቃ ይልቅ እንዲህ ያለውን ይፈራል። የሞተ ዕቃ ባለበት ሆኖ ይጠብቅሃል። ይሄኛው ስትፈልገው ይሸሻል፤ ስትተወው ይመለሳል።

ጎንደር ፒያሳ ላይ ጠባብ የጥገና ሱቅ አለችኝ። ሬዲዮ፣ ሪሲቨር፣ ስፒከር፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ አንዳንዴ የውኃ ፓምፕ ማብሪያ ይመጣልኛል። የፔይንትቦል ዕቃ ግን ከዚያ በፊት በእጄ ነክቼ አላውቅም። ያመጣልኝ የእህቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች የቀለም ኳስ እየተኳኮሱ በሚጫወቱበት ቦታ ይሠራል። ለጥምቀት ሊመጣ ሲል ደወለልኝ።

«አጎቴ፣ አንድ የተበላሸ ዕቃ አለን። እዚህ አንድ ባለሙያ ሞተሩን ቀይሮለት ነበር፤ አሁንም አልሠራም። ይዤው ልምጣ?»

«ምን ዓይነት ዕቃ ነው?»

«ከጠመንጃው በላይ የሚቀመጠው የኳስ መያዣ ነው። ባትሪ አለው፤ ኳሱን ወደ ታች የሚገፋው እሱ ነው።»

«እሱን ብቻ ይዘህ ና። ጠመንጃ የሚመስለውን እዚያው ተወው» አልኩት።

ከልቤ ነበር ያልኩት። ጊዜው ጥር 2016 ነው። በዚያ ሰሞን በከተማችን ጠመንጃ የሚመስል ነገር በቦርሳ ይዞ መንቀሳቀስ ለልጁም፣ ለእኔም፣ መንገድ ላይ ለሚያየውም ሰው ደህና አልነበረም። ተኩስ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚገባ ሕፃን በየሰፈሩ አለ። የጨዋታ ዕቃ መሆኑን ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ማስረዳት አይቻልም። ደግሞ መሣሪያው የሚሠራው በተጨመቀ አየር ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጋዙ ሳይፈታ ሽቦ መነካካት አደጋ አለው። የጎተራው ሕመም ጎተራው ላይ ነው ያለው፤ ሌላው አካል አያስፈልገኝም።

ጎተራ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ሆፐር ይለዋል። ሳየው ግን ሌላ ስም አልመጣልኝም። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ፣ ሁለት መቶ ገደማ ኳስ የሚይዝ የፕላስቲክ ጎተራ ነው።

ስለ ጨዋታው ልጁ ካወራልኝ ውስጥ አንዱ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ተጫዋቾቹ መሣሪያውን «ማርከር» ነው የሚሉት፤ ምልክት ማድረጊያ። ስሙ የመጣው ከመነሻ ሥራው ነው። አሜሪካ ውስጥ ኔልሰን የሚባል የቀለም ኩባንያ የደን ሠራተኞች የሚቆረጠውን ዛፍ፣ ከብት አርቢዎች ደግሞ የሚለዩትን ከብት ከርቀት ቀለም እንዲቀቡበት ያወጣው ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1981 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሄኒከር በምትባል ከተማ 12 ሰዎች ይህንኑ ዕቃ ይዘው ጫካ ገቡ። የመጀመሪያው ጨዋታ እሱ ነው። ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ያሸነፈው ሰው የደን ባለሙያ ነበር። አንድም ኳስ ሳይተኩስ ነው ያሸነፈው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ዕቃውን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ዛፍ ላይ ምልክት ከሚያደርግ ሰው እጅ የወጣ ነገር ነው።

ኳሱ 17.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ክብደቱ 3 ግራም አካባቢ ነው። ሽፋኑ እንደ መድኃኒት ካፕሱል ጄላቲን ነው፤ ውስጡ ደግሞ በውኃ የሚታጠብ ቀለም አለ። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ያለው ኳሱን በሰዓቱ ማድረሱ ላይ ነው።

ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እህሉ ከላይ ይገለበጣል፤ በራሱ ክብደት ወደ ድንጋዩ ይወርዳል። አንዳንዴ ግን ጠባቡ ቦታ ላይ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል። ከላይ ሞልቷል፤ ከታች ወፍጮው ባዶውን ይጮኻል። ባለወፍጮው መጥቶ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። የድሮዎቹ የኳስ ጎተራዎችም በስበት ብቻ ነበር የሚሠሩት። ሁለት ኳሶች አንገቱ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ መንገዱ ይዘጋል፤ ተጫዋቹ መሣሪያውን ይነቀንቃል። መሣሪያው ኤሌክትሮኒክ ሆኖ በሰከንድ ከ10 ኳስ በላይ መተኮስ ሲችል መነቅነቅ አልበቃም። ኳሱ ግማሽ ጎኑ እንደገባ የሚገፋው ብረት ይደርስበትና ለሁለት ይቆርጠዋል። ቀለሙ ውስጡ ይፈሳል፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል።

ስለዚህ ለጎተራው ሞተርና ዓይን ተሠራለት። የሱቄን ደንበኞች ሳስረዳ እንደማደርገው ልንገራችሁ። አንገቱ በግራ በኩል ዓይናችን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ ኤልኢዲ አለች። የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ ላይ ያለችውን ዓይነት ናት። በቀኝ በኩል ያን ብርሃን የምትቀበል ፎቶትራንዚስተር አለች። ብርሃኑ ከግራ ወደ ቀኝ ከደረሰ መሃሉ ባዶ ነው ማለት ነው። ቦርዱ «ኳስ የለም» ይልና ሞተሩን ያዞራል። ኳስ መሃል ገብቶ ብርሃኑን ሲጋርደው ቦርዱ «ሞልቷል» ይልና ሞተሩን ያሳርፋል። ይኸው ነው። ይህን አሠራር ያዙልኝ፤ በኋላ በሽታውን ያገኘሁት በእሱ ነው።

የመጀመሪያ ማታ መበየጃ አላነሳሁም። ወረቀትና እርሳስ ነው ያነሳሁት። ያን ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ስላልነበረን የዕቃውን ሥዕል ከየትም ማውረድ አልችልም። ስለዚህ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በዓይኔ ተከትዬ ራሴ ሣልኩት። ሁለት ከባትሪው፣ አንዱ በማብሪያው በኩል ያልፋል። ሁለት ወደ ሞተሩ። ሁለት ወደ ብርሃን ሰጪዋ። ሁለት ወደ ተቀባይዋ። ከእኔ በፊት የነካው ሰው የተቀየሩትን ሁሉ በጥቁር ሽቦ ነው የቀየራቸው፤ የቱ ፖዘቲቭ የቱ ኔጋቲቭ እንደሆነ አይለይም። በየሽቦው ላይ በነጭ ክር ወረቀት አሰርኩ። ጊዜ ይፈጃል። ግን ያልተሣለ ዕቃ ውስጥ እጅ ማስገባት ጨለማ ቤት ውስጥ መርፌ እንደመፈለግ ነው።

ከዚያ ወደ ባትሪው ሄድኩ። አራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት፣ አንድ ላይ 6። ብዙ ሰው የቮልት መለኪያውን ቴስተር አስጠግቶ 6.1 ካየ «ባትሪው ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ ሞተሩ እየዞረ ነው የምለካው። ሥራ ላይ ሳለ 4.2 ወረደ። ድንጋዮቹን በአዲስ ቀየርኩ፤ 4.4። አዲስ ድንጋይ ይህን ያህል አይወርድም። እንግዲህ ቮልቱ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ድንጋዩ ላይ፣ ሌላውን ድንጋዩ የሚነካው ስፕሪንግ ላይ አድርጌ ሞተሩን አስነሳሁ። ጤነኛ መገናኛ ላይ ዜሮ ሊሆን ትንሽ የቀረው ቁጥር ነው የሚታየው። እዚህ ግን ከአንድ ቮልት በላይ ጠፍቷል።

ስፕሪንጉ ሥር ነጭ ዱቄት ነበር። አርጅቶ የፈሰሰ ድንጋይ የተወው ነው። ከቤት ሎሚ አመጣሁ። አልካላይን ድንጋይ የሚያፈሰው ቤዝ ስለሆነ አሲድ ያበርደዋል። በጥጥ ጠርጌ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ቀስ ብዬ አሸሁት። ሞተሩ እየዞረ 5.7 አነበብኩ። ድምፁ ራሱ ተለወጠ፤ ሲያቃስት የነበረው ጠንከር ብሎ ዞረ።

ገጠምኩት። ዝም አለ።

እዚህ ላይ ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ትዝ አለኝ። ሱቁን ከከፈትኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንዲት እማማ ከቁስቋም በኩል ሬዲዮ ይዘው መጡ። አንዳንዴ ይናገራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ስፒከሩን ሳየው ተቀዷል። ቀየርኩት፤ ገንዘብ ተቀበልኩ። በሳምንቱ ተመለሱ። «ልጄ፣ ያው ነው» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ ያ ነው የከበደኝ። ስፒከሩ በእውነት ተቀዶ ነበር። ሬዲዮውን ዝም የሚያሰኘው ግን ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ሽቦ ነበር፤ እጀታው ሲነሳ ይሳባል። አንድ ብልሽት አግኝቼ ብልሽቱን ያገኘሁ መሰለኝ። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳስተካክል «ይሄ የተነገረኝን ሕመም ያመጣል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የስፕሪንጉ ዱቄት ሞተሩን ያዳክመዋል። ክዳን ሲገጠም ብቻ ዝም ሊያሰኘው ግን አይችልም። ክዳኑና ዝምታው የሚገናኙበት ሌላ ቦታ አለ።

ሁለተኛው ማታ ሞተሩን ከጥርጣሬ ነጻ ማውጣት ፈለግኩ። ሁለቱን ሽቦዎቹን ከቦርዱ ነቅዬ በባትሪው ቀዳዳ ወደ ውጭ አወጣኋቸው። ክዳኑን ገጠምኩ። ከውጭ በሁለት ድንጋይ በቀጥታ ሳበላው ዞረ። ክዳኑ ተገጥሞ ዞረ! እንግዲያው ያ አዲስ አበባ የተቀየረው ሞተር በከንቱ ነው የተቀየረው። አሮጌውም ምናልባት ደህና ነበር።

ቁጭ ብዬ ሥዕሌን አየሁ። ሞተሩ ደህና ነው። ኃይል ይደርሳል፤ ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ሲገጠምም ትበራለች። ታዲያ ቦርዱ ለምን አያዝም? የሚያዘው መሃሉ ባዶ ነው ብሎ ሲያምን ነው። ባዶ መሆኑን የሚነግረው ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ ካልደረሰ ቦርዱ ኳስ የጋረደው ይመስለዋል። ባዶ አንገት ይዞ «ሞልቻለሁ» ብሎ ይቀመጣል።

ይህ ሲገባኝ ከወንበሬ ተነሳሁ። ጎተራው ራሱን ጠግቤያለሁ ብሎ ያምናል እንጂ አልሞተም። ዝምታው የድካም ዝምታ ሳይሆን የጥጋብ ዝምታ ነው። ሞተር ብትቀይርለት፣ ባትሪ ብትቀይርለት ምን ያደርግለታል? እስካልራበው ድረስ አይነሳም።

ልክ በዚያ ሰዓት መብራት ጠፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሱቁን ዘግቼ እሄድ ነበር። ጎተራው ግን በራሱ ድንጋይ ነው የሚሠራው፤ የምፈልገውም ብርሃን በጨለማ ይበልጥ የሚታይ ነው። ኢንፍራሬድን ዓይናችን አያየውም፤ የስልክ ካሜራ ግን ያየዋል። ማመን ያቃተው ሰው የቤቱን ሪሞት ወደ ስልኩ አዙሮ ይጫነው፤ ሐምራዊ ነገር ብልጭ ሲል ያየዋል። የፊቱ ካሜራ ይሻላል። የብዙ ስልክ የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን የሚያጣራ መስታወት አለው።

ክዳኑን ከፍቼ አበራሁ። ስልኩ ላይ አንገቱ በሐምራዊ ብርሃን ሞላ። እንደ ሻማ ያለች ትንሽ ነጥብ፣ ዙሪያዋ ፈዘዝ ያለ። አሁን ስልኩን ከአንገቱ ሥር አስደግፌ ሁለቱን ግማሾች ቀስ ብዬ አቀራረብኳቸው። አንድ ጣት ሲቀረው ትበራለች። ግማሽ ጣት ሲቀረው ብልጭ ብልጭ አለች። ሲገጥም ጠፋች።

የፒያሳ ሱቆች ሁሉ ጨልመዋል። ውጭ ሰው ያልፋል፤ ዳናው ይሰማኛል። እኔ ደጋግሜ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። በበራችና በጠፋች ቁጥር ደስታዬ ጨመረ። ሸሽቶ ያስቸገረኝን ነገር በመጨረሻ በዓይኔ አየሁት።

ሦስተኛው ማታ የቀረው ቦታውን ማግኘት ነው። ብርሃን ሰጪዋ ራሷ ናት ወይስ ሽቦዋ? ባትሪውን አወጣሁ። ኃይል ባለበት ይህን መለካት አይገባም። ቴስተሩን መስመር ሲገናኝ ጢጥ በሚለው ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ ቦርዱ ላይ፣ ሌላውን ኤልኢዲዋ እግር ላይ ያዝኩ። ጢጥ አለ፤ አልተቋረጠም። ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው? ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲተኛ አዎ። ግን ሲዘጋ የሚታጠፍ ሽቦ ነው። ስለዚህ ጢጥታው ሳይቋረጥ በሌላ እጄ ሽቦውን ከጫፍ ጀምሬ በትንሽ በትንሹ አጠፍኩት። ትንሽ ሄድኩ፤ ምንም። ትንሽ ጨመርኩ፤ ምንም። ከቦርዱ ብየዳ ጥቂት ራቅ ብዬ ስደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ሳቃናው ተመለሰ። ሳጥፈው ተቆረጠ።

ላዩን በማጉያ መስታወት አየሁት። ፕላስቲኩ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወደ ሬዲዮ የመጡት ከቅኔ ቤት ነው። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ተማሪ አንድ ሽቦ አይቶ «ደህና ነው» ሲል ቀስ ብለው ከእጁ ይወስዱታል። «ይሄ ፕላስቲኩ ሰሙ ነው። መዳቡ ወርቁ ነው። አንተ ሰሙን ነው ያነበብከው» ይላሉ። ያኔ የቅኔ ናፍቆታቸው ይመስለኝ ነበር። ያን ማታ ፕላስቲኩን በምላጭ ቀድጄ ከውስጡ ተበጥሰው ጫፍ ለጫፍ ብቻ የሚነካኩትን የመዳብ ክሮች ሳይ የሚሉት በደንብ ገባኝ። ሽቦው ሲዘረጋ ጫፎቹ ይነካካሉ፤ ብርሃን አለ። ሲታጠፍ ይለያያሉ፤ ብርሃን የለም። ላዩ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

እዚያ ላይ ለምን ተበጠሰ? ይህን ሳያውቁ ሽቦ መቀየር በሽታውን ለሦስት ወር ማስተላለፍ ነው። ሁለት ምክንያት አገኘሁ። መጀመሪያ፣ ሲበየድ ብዙ ሙቀት ወስዷል። ቀልጦ የሚበየድበት ሊድ በመዳቡ ክሮች መሃል ወደ ላይ ተስቦ ሄዷል። ሊድ የጠጣ ሽቦ ይደርቃል፤ እንደ ለስላሳ ክር መሆኑ ቀርቶ እንደ ቀጭን ብረት ይሆናል። ድርቀቱ በሚያበቃበትና ልስላሴው በሚጀምርበት ቦታ ላይ መታጠፍ ሁሉ ይጠራቀማል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ነው። ሁለተኛው፣ ሽቦው አጭር ሆኖ ነው የተቆረጠው። ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ የፕላስቲኩን ጠርዝ ተሻግሮ ይወጠራል። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እዚያችው ነጥብ ላይ ይታጠፋል። ባትሪ ለመቀየር፣ የፈሰሰ ቀለም ለማጠብ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ይሆን።

ከአሮጌ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ባለ ብዙ ክር ቀጭን ሽቦ አወጣሁ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ለዚህ አልመክርም። ክሮቹ የተቀቡ ናቸው፤ ሊድ በቀላሉ አይይዛቸውም። ሁለቱንም ከበፊቱ አራት ሳንቲ ሜትር አስረዘምኩ። መበየጃውን ነክቼ ቶሎ አነሳሁ። ኤልኢዲዋ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የምትበራው፤ ስለዚህ ከመበየዴ በፊት በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ አየኋት። በትክክለኛው በኩል 1.2 ቮልት ገደማ አነበበ፤ በሌላው ምንም። ቀዩን ወደ ፖዘቲቩ ሰጠሁ። ብየዳው ላይ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለበስኩ። ከዚያ ሽቦዎቹን ጠርዙን ሳይሻገሩ በማጠፊያው በኩል አዞርኩና ከብየዳው ወረድ ብሎ በክር ከፕላስቲኩ ጋር አሰርኳቸው። አሁን የሚታጠፈው ከታሰረበት ወዲያ ያለው ለስላሳው ሽቦ ነው፤ ብየዳው አይነካም። ናስትሮ ብቻውን ለዚህ አይሆንም፤ ሲሞቅ ሙጫው ይለቃል።

ገጠምኩ፤ አበራሁ። ዞረ።

ልጁ በማግስቱ ጠዋት መጣ። «እንሞክረው» አለ። ግን ኳስ አላመጣም፤ ጎንደርም የሚሸጥ የለም። አንድ የጎረቤት ልጅ የብይ ከረጢቱን አዋሰን። ብይ ከኳሱ ትንሽ ቢያንስ ነው፤ ይሆናል ብለን ሞላነው። ሞተሩ ዞረ፤ ብዮቹ ወደ አንገቱ ወረዱ፤ አንገቱ ሞላ። ሞተሩ ግን አልቆመም። ዝም ብሎ ይዞራል።

ልጁ ፊቴን አየ። እኔም ለደቂቃ ሌላ ብልሽት የገባ መሰለኝ። ተቀባይዋ ሾርት አድርጋ ይሆን? ጣቴን አስገባሁ፤ ቆመ። ብይ አስገባሁ፤ አልቆመም። አንዷን ብይ አንስቼ ወደ በሩ ብርሃን ያዝኳት። ማዶው ይታያል። መስታወት ናት። ለእጅ ኳስ ናት፤ ለዓይኑ ግን የለችም። ብርሃኑ አልፏት ይሄዳል። ጎተራው ልክ ነበር፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።

ወለቃ ሄድን። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት፤ በቤተ እስራኤል ሸክላ የታወቀች። አብዛኞቹ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ከሄዱ ቆይተዋል፤ ሸክላው ግን ዛሬም ይሠራል። አንዲት ሸክላ ሠሪ ዘንድ ካርቶን ላይ ቀዳዳ በስቼ ይዤ ቀረብኩ።

«እትዬ፣ በዚህ ቀዳዳ ልክ የምታልፍ ድቡልቡል ሸክላ እፈልጋለሁ። አርባ ያህል።»

ካርቶኑን ተቀብለው አገላበጡት። «በዚህ ልክ ከሠራሁልህ ስትደርቅ ታንሳለች። ተለቅ አድርጌ ነው የምሠራት። ስትተኮስ ደግሞ ትንሽ ትቀንሳለች። ካርቶኑን ተውልኝ» አሉ።

ለምን እንደሆነ አልጠየቁንም። በመዳፋቸው መሃል አንዷን አድበልብለው ከቀዳዳው ጋር አስተያዩ፤ ትንሽ ጭቃ ጨመሩ፤ እንደገና አድበለበሉ። ስንት እንደሚቀንስ በጣታቸው ያውቁታል። እኔ ቴስተር ይዤ የምፈልገውን ትክክለኛነት እሳቸው በመዳፋቸው ያገኙታል። ቆሜ ሳያቸው ጋሼ ትዝ አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ስንመለስ አርባዎቹ ደርቀው፣ ተተኩሰው፣ በሰፌድ ላይ ነበሩ። ሠላሳ ሰባቱ በቀዳዳው ልክ አለፉ። ከእውነተኛው ኳስ ይከብዳሉ፤ ለሞተሩ ያ ደግሞ ጥሩ ፈተና ነው። አቧራቸው ዓይኑን እንዳይጋርድ አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረግናቸው።

ሱቅ ተመልሰን ሞላነው። ዞረ፤ አንገቱ ሞላ፤ ቆመ። ልጁ ከሥር አንዷን ሲስብ ትንሽ ዞሮ ሌላዋን አወረደና ቆመ። ሁለት ሲስብ ሁለት አወረደ። «አጎቴ፣ ነቅንቄው?» አለኝ። «ነቅንቀው፤ ገልብጠው፤ ጠረጴዛው ላይ አንኳኳው» አልኩት። ሃያ ጊዜ ከፈትነው፣ ሃያ ጊዜ ዘጋነው። በየጊዜው ልጁ ስልኩን ከአንገቱ ሥር ይዞ ሐምራዊዋን ነጥብ ይጠብቃል። ሃያ ጊዜ በራች።

ለመጨረሻ ጊዜ ከመግጠሜ በፊት ከደብተሬ ትንሽ ወረቀት ቀደድኩ። ከእኔ በፊት የነካው ሰው ምን እንዳደረገ አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ሁለት ማታ በቆጠብኩ ነበር። ወረቀቱን በፕላስተር አልብሼ ከክዳኑ ውስጥ ለጠፍኩት። እንዲህ ይላል፦

«ጥር 2016፣ ጎንደር። የብርሃን ሰጪዋ ሁለቱ ሽቦዎች ተቀይረዋል፤ ቀዩ ፖዘቲቭ ነው። የባትሪው ስፕሪንግ በሎሚ ተጠርጓል። ሲገጠም ዝም ካለ መጀመሪያ አንገቱን በስልክ ካሜራ እዩት። ሞተሩ ደህና ነው።»